ነሐሴ 7 ወደ ጀርመን ተመላሽ ነን፦ ድሬና ሐረር ያለው ዘመድ በምን ቅደም ተከተል ይጠየቅ?

የከዚራ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ለክረምቱ ድሬ ነን። ነሐሴ 7 ከቦሌ ወደ ፍራንክፈርት እንመለሳለን፣ ያልተጠየቀው ዘመድ ግን ገና ብዙ ነው። የእናቴ ወገኖች ሳቢያንና ገንደ ቆሬ ናቸው፣ የባለቤቴ ወዳጆች መጋላ። ሐረር ጁገል ውስጥ በዕድሜ የገፉ የባለቤቴ አክስት አሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለበት፤ እኛ በሌለንበት ሰው ያረፈበት ቤትም አለ።

ከማን እንጀምር? ሐረር ደርሶ መልስ ይበቃል ወይስ ይታደራል? «ይህችን አድርሱልኝ» የሚባለውን ዕቃ ማንንም ሳናስቀይም እንዴት እንገድበው? ከምግቡስ የቱ ጀርመን ይገባል? የሚያውቅ በዝርዝር ይንገረን።

ሳቢያን ነዋሪ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ለቅሶ ነው። ሰው የሞተበት ቤት ሳይደረስ ሌላ ቤት ተበላ ተጠጣ ከተባለ ቅሬታው ቶሎ አይሽርም። የለቅሶ ቤቶቹን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት በጠዋት ጨርሱ። ከግማሽ ሰዓት እስከ አርባ አምስት ደቂቃ መቀመጥ ይበቃል። ልጆቹን ሁሉም ቦታ ይዞ መዞር አያስፈልግም፣ ሟቹ የቅርብ ሥጋ ካልሆነ እናንተ ሁለታችሁ ብትሄዱ በቂ ነው። ክርስቲያን ቤት ነጠላ አይረሳ። ሙስሊም ቤት ሴቶቹና ወንዶቹ ለየብቻ የሚቀመጡ ከሆነ በር ላይ ጠይቃችሁ ግቡ።

ቀጥሎ ጤና ያጡና የሸመገሉ። ጓደኛ በመጨረሻ ይሁን፤ ጓደኛ ይሰበሰባል፣ አቅመ ደካማ ግን እናንተ ካልሄዳችሁ አይመጣም።

አሁን ወደ ቀን መቁጠሪያው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ተፈቷል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ስለዚህ ደግሰው ሊጠሯችሁ የሚፈልጉ ክርስቲያን ዘመዶች ቤት ሁሉ በሐምሌ ይለቅ፣ ረቡዕና ዓርብን ትታችሁ። በነሐሴ ብትሄዱ ሰውየው ሊያርድ ያሰበውን በግ ትቶ በሽሮ ሲያስተናግድ ያዝናል፣ እናንተም ትጨነቃላችሁ። ሙስሊም ቤቶችን ለነሐሴ መጀመሪያ አቆዩ፤ እዚያ ግን የምትጾሙ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩ። ዓርብ የጁምዓ ሰዓት አትሂዱ።

ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል መሆኑን አትርሱ። ከ17 እስከ 20 ከዘመዶቻችሁ ብዙዎቹን ቤት አታገኟቸውም። ከድሬ ወደ ደንገጎ የሚወጣው መንገድ በመኪናና በእግረኛ ይሞላል፣ የአዲስ አበባ አውሮፕላንም ትኬት ይጠፋል። የሐረሩን ጉዞ ከነዚያ ቀናት አርቁት።

በቀን ከአራት ቤት በላይ አትያዙ፦ ሁለት ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት፣ ሁለት ከ10 ሰዓት በኋላ። በመሃሉ ያለው ሰዓት የድሬ አይደለም፤ ሙቀቱ ከተማውን ያስተኛዋል፣ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ደግሞ ብዙ ቤት በርጫ (ጫት መቃሚያ) ነው። በርጫ ላይ ከተቀመጣችሁ ከሰዓቱ በሙሉ አለቀ ማለት ነው፣ ስለዚህ የመጋላ ወዳጆችን ሁሉ በአንድ በርጫ አንድ ቀን አግኟቸው። ቤቶቹን በሰፈር አስተሳስሩ። ሳቢያንን፣ ገንደ ቆሬንና መጋላን በየራሳቸው ቀን። ከተማዋን ለሁለት ከሚከፍለው አሸዋማው የደቻቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ በባጃጅ መመላለስ ጊዜም ገንዘብም ይጨርሳል።

ደቻቱን ካነሳን፦ ድሬ ደረቅ ሆኖ ደጋው ላይ ሲዘንብ ጎርፉ ሳይታሰብ ይመጣል። በ1998 ክረምት ያ ሁሉ ሰው ያለቀው ሌሊት በመጣ ውሃ ነው። ከተራራው በኩል ደመና ከጠቆረ በአሸዋው አቋርጣችሁ አትሂዱ፣ በድልድዩ ዙሩ። ልጆቹንም አሸዋው ላይ እንዳታጫውቱ።

ደግሞ ይህን ልብ በሉ። መምጣታችሁን የምትናገሩት በዋዜማው ሳይሆን በዕለቱ ጠዋት ይሁን። በዋዜማው የሰማ ቤት አስቤዛ ሲሸምት ያድራል። ቡና ላይ መቆየት ካልቻላችሁ ከሰሉ ሳይቀጣጠል ተናገሩ። ቡናው ተቆልቶ ጭሱ ከዞረ በኋላ መነሳት ነውር ነው፤ አቦል ጠጥቶ ቶናን ሳይጠብቁ መውጣትም ያው። ሦስቱን ጠጥቶ ለመነሳት አንድ ሰዓት ተኩል ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ከጠዋቱ ሁለት ቤት አንዱ ብቻ የቡና ቤት ይሁን።

ጁገል አሚር፦

ሳቢያን ነዋሪ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ስለ ሐረሩ ልጨምር።

ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሚኒባስ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፣ ሞልቶ እስኪነሳ የምትጠብቁት ሳይቆጠር። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ድረሱ። የደንገጎ ጥምዝምዝ ልጆችን ያስመልሳልና ቁርሱ ቀለል ይበል፤ ወተት ሳይሆን ዳቦና ሻሂ። ድሬ 1,200 ሜትር ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፤ በክረምት ማታ ማታ ይበርዳል፣ ሹራብ ያዙላቸው። ስትመለሱ ከ10 ሰዓት በፊት ከሐረር ውጡ። አወዳይ ከሰዓት በኋላ በጫት ገበያው ይታፈናል፣ ደንገጎ ላይ ደግሞ ጉም ይወርዳል። ጉምና የጭነት መኪና ባለበት በጨለማ መውረድ አይመከርም።

ጁገል ስትገቡ መኪናው ከሐረር በር እስከ ፈረስ መጋላ ያደርሳችኋል፤ ከዚያ ወዲያ መተላለፊያው በአብዛኛው በእግር ነው። ድንጋዩ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ቶሎ የሚወልቅ፣ ሶሉ የሚይዝ ጫማ አድርጉ፣ ምክንያቱም አክስትየው ቤት ነደባው (ከፍ ያለው መደብ) ላይ ሳትወጡ ጫማ ታወልቃላችሁ። የጌይ ጋር፣ ማለትም የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ መቀመጫው ደረጃ ደረጃ ነው። አሚር ነደባ የሚባለው የቤቱ ትልቅ ሰው ቦታ ስለሆነ እስኪያስቀምጧችሁ ቆማችሁ ጠብቁ። ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ሞሶቦችና ሳህኖች ልጆቹ እንዳይነኩ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ለብዙ ቤት የእናት ጥሎሽ ነውና ቢሰበር የሚተካ አይደለም።

ስጦታው ስኳር፣ ቡና፣ ተምርና ፍራፍሬ ይሁን። ሥጋ ነክ ነገር ሙስሊም ቤት ይዞ አይኬድም። ከጀርመን ላመጣችሁት ከረሜላ ተጠንቀቁ፤ የሚለመጠው ዓይነት ብዙው በአሳማ ጄላቲን የተሠራ ነው። ማሸጊያውን አንብባችሁ ለሙስሊም ልጆች የምትሰጡትን ለዩ። ቸኮሌት ይሻላል፣ አልኮል የሌለበት መሆኑን አይታችሁ።

ማደርን በተመለከተ አንድ ሌሊት እደሩ ባይ ነኝ። በደርሶ መልስ ከሄዳችሁ አሮጊቷን የምታዩዋቸው ሰዓት እያያችሁ ነው።

አፈተ ኢሳ፦

በዚህ አንድ ነገር ላይ አልስማማም። አራት ሰው አንድ ሽማግሌ ቤት ማደር ሐረር ላይ ቀላል ሸክም አይደለም። ውሃው በፈረቃ ነው፤ አክስትየው ለሳምንት ያጠራቀሙት በርሜል በእናንተ አንድ ሌሊት ያልቃል፣ እሳቸው ደግሞ ሞተው አይናገሩም። እደሩ፣ ግን ከግንቡ ውጭ ሆቴል ይዛችሁ። ማታ እስከ 2 ሰዓት እሳቸው ጋ ሁኑ፣ ጠዋትም ቁርስ እሳቸው ጋ ብሉ። ቅር እንዳይላቸው ሰበቡን በልጆቹ አሳብቡ፦ «ልጆቹ ሌሊት ይነሳሉ፣ እናንገላታዎታለን»። ቤታቸው እንድታድሩ የግድ ካሉ እርስዎና አንዱ ልጅ ብቻ እደሩ፤ በማግስቱም የቦቴ ወይም የጀሪካን ውሃ ከፍላችሁ አስሞሉላቸው።

ጁገል አሚር፦

ይህ ከኔ ሐሳብ ይሻላል። ውሃውን ማስሞላቱንም በቤተሰቡ በአንዱ ወጣት በኩል አድርጉት፣ በቀጥታ ለእሳቸው ገንዘብ መስጠት ይከብዳቸዋል።

ለገሃሬ ካርጎ፦

ስለ ሻንጣው።

ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር ሥጋና የወተት ውጤት ከኢትዮጵያ ይዞ መግባት ፈጽሞ አይፈቀድም። ቋንጣ፣ ንጥር ቅቤ፣ አይብ፣ የግመል ወተት፣ ሁሉም ይወረሳል፤ ቅጣትም ሊኖረው ይችላል። እናቶች ቅቤውን በርበሬ መሃል ደብቀው ይሰጣሉና ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩ። ማር ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ማንጎና ዘይቱና የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ስለሚጠየቅባቸው ተዉት። በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ሽሮ ችግር የለባቸውም። ያላችሁት ዕቃ በጠቅላላ ዋጋው በአውሮፕላን ለሚገባ ሰው ከ430 ዩሮ እንዳይበልጥ፣ ከ15 ዓመት በታች ላለ ልጅ 175 ነው። ጥሬ ገንዘብ 10,000 ዩሮ ከደረሰ ይመዘገባል።

በርበሬ በሁለት ወፍራም ፌስታል ታስሮ በልብስ መሃል ይግባ። ደቃቅ ስለሆነ አንድ ጊዜ ካመለጠ ሻንጣው ዳግም አይጠራም። በእጅ ሻንጣም አትያዙት፣ ዱቄት ፍተሻ ላይ ያስቆማል።

የሐረር ቡና ተቆልቶ ይሂድ። ግን ትኩሱን አትሸጉት። ከተቆላ በኋላ ቢያንስ አንድ ሌሊት በሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ይደር፤ ቡና ከተቆላ በኋላ ለቀናት ጋዝ ይተነፍሳልና ወዲያው የታሸገው ከረጢት ይነፋና ሻንጣ ውስጥ ይፈነዳል። ከረጢቱን እስከ አፉ አትሙሉት፣ አየሩንም ጨምቃችሁ አውጡ። አንድ ኪሎ ጥሬ ሲቆላ ከ850 ግራም አይበልጥም፣ ስሌታችሁን በዚያ አድርጉ። ነሐሴ 3 ማስቆላት ጥሩ ነው።

ወደ አደራው ዕቃ። የሰው ዕቃ ዛሬውኑ በአራት ቃል ገድቡት፦ በነፍስ ወከፍ 2 ኪሎ፣ ያልታሸገ፣ እስከ ነሐሴ 3፣ ቤት ድረስ አምጥተው። ባለቤቱ ባለበት ፍቱት፣ አንድ በአንድ አይታችሁ በእጃችሁ አሽጉ። የታሸገ ካርቶን፣ ስሙ ያልታወቀ ዱቄት፣ የባህል መድኃኒት አይቻልም። ይህን የምትሉት «ሕጉ ነው» ብላችሁ እንጂ «አንችልም» ብላችሁ አይደለም፤ ሕግ ሲባል ሰው አይቀየምም። ቦሌ ላይ ወይም የድሬ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ የሚሰጣችሁን በምንም መንገድ አትቀበሉ።

ጫት ጀርመን ውስጥ በአደንዛዥ ዕፅ ሕግ የተከለከለ ነው፣ የደረቀውም ጭምር። ሐረሮች የሚያፈሉትን ቁጢ፣ ማለትም የደረቀ የቡና ቅጠል፣ ለመታሰቢያ መውሰድ የሚፈልግ አለ። ደቆ ሲታይ ከደረቀ ጫት በዓይን አይለይምና ለጉምሩክ ከማስረዳት እዚሁ ጠጥታችሁ ሂዱ።

ትኬቱን አሁን አውጥታችሁ እዩ። ከድሬ እስከ ፍራንክፈርት አንድ ትኬት ከሆነ ሻንጣችሁ በውጭ በረራው ኪሎ ይሄዳል። የአገር ውስጡ ለብቻው ከተገዛ ግን በአገር ውስጡ ልክ ይመዘናል፣ ትርፉንም እዚያው ትከፍላላችሁ። 23 የተባለውን ሻንጣ 22 ላይ አቁሙት፤ የቤት ሚዛን ይሳሳታል።

ሰዓቱም ብዙ ሰው ያሳስታል። ትኬቱ ላይ ነሐሴ 7፣ ማለትም ኦገስት 13፣ 00:30 ከተባለ በኛ አቆጣጠር ነሐሴ 6 ማታ ከሌሊቱ 6:30 ነው። ነሐሴ 7 ማታ ቦሌ የሄደ አውሮፕላኑ ካለፈ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። የአውሮፓ በረራ ብዙው በእኩለ ሌሊት ዙሪያ ስለሆነ ይህን ሳታጣሩ ሌላውን ዕቅድ አትሥሩ። ለማንኛውም ከድሬ የምትወጡት በአንድ ቀን ቀድማችሁ ይሁን። ክረምት ነው፣ የጠዋቱ በረራ ቢዘገይ የውጭው አይጠብቃችሁም።

ነርስ፦

ልጆች ስላሏችሁ ስለ ትንኝ ልናገር። ድሬ ወባ አለ፣ ዴንጊና ቺኩንጉንያ የሚባሉ በትንኝ የሚተላለፉ የትኩሳት በሽታዎችም ተከስተዋል፤ በፈረንጆቹ 2019 የገባው ቺኩንጉንያ የጀመረው በዚሁ በነሐሴ አካባቢ ነበር። ዴንጊ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትነክሰው በቀን ነው፣ በተለይ ጠዋትና ከመምሸቱ በፊት። ይህ ደግሞ እናንተ ዘመድ የምትጠይቁበት ሰዓት ነው። አጎበር ብቻ አይበቃም። ረጅም እጅጌ፣ ከ20 እስከ 30 በመቶ ዲት (ትንኝ የሚያባርር ንጥረ ነገር) ያለበት ቅባት ያስፈልጋል። የምትራባው በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በየቤቱ በርሜል አለ፣ ክዳኑ የተከፈተውን ስታዩ ክደኑት፤ ነውር የለውም።

የወባ መከላከያ ክኒን ጀምራችሁ ከሆነ ድሬን ስትለቁ አታቁሙት። አቶቫኮን ከፕሮጓኒል ጋር የተቀላቀለው ከወጣችሁ በኋላ 7 ቀን፣ ዶክሲሳይክሊን 4 ሳምንት ይቀጥላል። ጀርመን ገብታችሁ በሦስት ወር ውስጥ ማንኛችሁም ትኩሳት ከያዛችሁ በዕለቱ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ «ከምሥራቅ ኢትዮጵያ ነው የመጣነው፣ የወባ ምርመራ ይደረግልን» በሉ። እዚያ ሐኪሙ ጉንፋን ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል። ምርመራ ሳይደረግ አስፕሪንም አይቡፕሮፌንም አትስጡ፤ ዴንጊ ከሆነ ደም ያፈስሳል። ፓራሲታሞል ይበቃል።

ሳቢያን ነዋሪ፦

ከረሳሁት ልጨምር፦ ለእናታችሁ ወይም ለወንድም ውክልና የምትሰጡ ከሆነ ድሬ ሳላችሁ ጨርሱት። የፌዴራሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ድሬ ቅርንጫፍ አለው። ፓስፖርት ወይም ቢጫ ካርድ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የንብረቱን ካርታ ያዙ። «ጠቅላላ ውክልና» የሚለው ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ አይበቃም፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት መሸጥ የሚል ቃል ተለይቶ መጻፍ አለበት። ሰው የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ በስም ነው፦ ፓስፖርቱ ላይ ያለው አጻጻፍና ካርታው ላይ ያለው ካልገጠመ ሌላ ማስረጃ ይጠየቃል። ከፍራንክፈርት ቆንስላ መላክም ይቻላል፣ ግን አዲስ አበባ እየዞረ መረጋገጥ አለበትና ይረዝማል።

የከዚራ ልጅ፦

አቦ! እግዜር ይስጥልን። ትኬቱን አየሁት፣ 00:05 ነው የሚለው፤ ስለዚህ ነሐሴ 6 ማታ ቦሌ መገኘት አለብን። ድሬን ነሐሴ 5 እንለቃለን። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። እናቴ ነሐሴ 4 ለአርባ ሰው ያህል የሽኝት ቡና ላፍላ ብላለች። ጾም ነው፣ ሙስሊም ጎረቤትም ይመጣል። ምን ይቅረብ?

ገንደ ቆሬ ጓዳ፦

ጾሙ ጠቀማችሁ። ሁሉም በአንድ ትሪ የሚበላውን አቅርቡ። የምስር ሳምቡሳ፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ድፎ ዳቦ፣ ፈንዲሻ፣ ፓፓያ፣ ቡናና ሻሂ። ፈጢራ በዚህ ቀን ይቅር፤ እንቁላል አለበት።

ለአርባ ሰው ሦስት ሦስት ሳምቡሳ 120 ነው። አንድ ኪሎ ተኩል ምስር፣ ያንኑ ያህል ሽንኩርት፣ ለሊጡ ሁለት ኪሎ ተኩል ዱቄት፣ ሦስት ሊትር ዘይት ይበቃል። ምስሩ ፍርክስ እንዳይል፣ ጥርስ ላይ እንዳለ አውጥታችሁ ውሃውን በደንብ አጥልሉ። ሽንኩርቱ ጥሬውን ተቀላቅሎ ካደረ ውሃ ያወጣል፤ ቂጣው ይርሳል፣ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል። ስለዚህ ምስሩ ፍጹም ከቀዘቀዘ በኋላ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን ቀላቅላችሁ ወዲያው ጠቅልሉ። ጠዋት ተጠቅልሎ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቆይ፣ ጥብሱ እንግዳ ሊመጣ ሲል ይሁን። ለድፎው ሦስት ኪሎ ዱቄት። ቡናው ግማሽ ኪሎ ጥሬ ለሦስቱም ይደርሳል፣ ሁለት ጀበና ከተጣደ። ስኳር ሁለት ኪሎ ግዙ፣ የድሬ ሰው ሻሂው ላይ አይቆጥብም።

ወንበርና ትሪ ከእድሩ ውሰዱ፣ ለዕቃ ኃላፊው ከሦስት ቀን በፊት ተነግሮ። የሚበደር ሌላ ሰው ካለ ያኔውኑ ይታወቃል። ጥሪው 9 ሰዓት ተኩል ይሁን፤ ሰው 10 ይመጣል። ምርቃቱን ግን ለመጨረሻ አታቆዩት። ሙስሊም አባቶች ለመግሪብ ይነሳሉ፣ በነሐሴ ፀሐይ ከ12 ሰዓት ተኩል ትንሽ አልፎ ትገባለች። 11 ሰዓት ላይ ቶናው ሲቀርብ ሁለቱንም ወገን ሽማግሌ አስነሱና አስመርቁ፣ ልጆቹም ፊት ይቀመጡ። ሻንጣው በዚያን ዕለት ጠዋት ተዘግቶ ከሌላ ክፍል ይግባ፤ ክፍት ሆኖ ከታየ ዕቃ የሚጨምር አይጠፋም።